የኦሜጋ ቅባቶችና የአንጎል የደም ሥሮች ጤንነት፤ በአንድ የውኃ መሐንዲስ አመለካከት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ሲጠይቀኝ የርዕሱን ምርጫ ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ስለ ግድብ፣ ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ብዙ የሚነገር ነገር እያለ ስለ ሰው አንጎልና ስለ ምግብ ቅባት ለመናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ምክንያቱ ግን ከሁላችንም የራቀ አይደለም። ብዙ ሊሠሩ በሚችሉበት ዕድሜ ላይ ሳሉ በስትሮክ ተመትተው ከሥራ የተለዩ፣ ከነጭራሹም ያጣናቸው የሙያ ጓደኞች እንዳሉን እናውቃለን። በሌላ በኩል ደግሞ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የሚመጣው የዓሣ ዘይት እንክብል በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ይታያል። «ኦሜጋ ሦስት ነው፤ የአንጎልን የደም ሥር ያጸዳል» ይባላል። የሚውጠውም ሰው ይህን በማድረጉ ብቻ ከስትሮክ የተጠበቀ መስሎት ይቀመጣል። ይህ እምነት ትክክል ካልሆነ ጉዳቱ በገንዘብ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ሊደረግ የሚገባው ሌላ ነገር እንዲረሳ ያደርጋል። ስለዚህ ጉዳዩን መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምናገረውም የሐኪምን ምክር ሊተካ አይችልም። ይሁን እንጂ ግፊት፣ ፍሰትና የቧንቧ ግድግዳ የዕለት ተዕለት ሥራዬ ናቸው። ከዚህም ሌላ የአንድን ዕቃ ብቃት በሻጩ ቃል ሳይሆን በፍተሻው ውጤት መመዘን ሁላችንም የተማርነው ልማድ ነው። የዛሬው ንግግሬም በዚሁ ልማድ የሚመራ ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የአንጎል የደም መረብ

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ልብ ከሚረጨው ደም 15 ከመቶ ያህሉን፣ ከምንጠቀምበትም ኦክሲጅን 20 ከመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህን ያህል የሚፈልግ አካል መጠባበቂያ ጋን የለውም። የደም አቅርቦቱ ጨርሶ ከተቋረጠ ሰው በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ደቂቃዎች ካለፉም የአንጎል ሕዋሳት መሞት ይጀምራሉ። እንግዲህ ይህ ለአንድ ቀን እንኳ ለጥገና ሊዘጋ የማይችል መሥመር ነው ማለት ነው።

ደሙ ወደ አንጎል የሚደርሰው በአራት ዋና ዋና ደም ቅዳ ሥሮች ሲሆን፣ ሁለቱ በአንገት ፊት ለፊት፣ ሁለቱ በአከርካሪ አጥንት በኩል ይወጣሉ። እነዚህም በአንጎል ሥር ተገናኝተው ቀለበት ይሠራሉ። ይህን ቀለበት እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በከተማ የውኃ መረብ ውስጥ ዋናውን መሥመር በቀለበት የምንዘረጋው አንደኛው ወገን ቢቆረጥ ሌላው እንዲያቀርብ ነው፤ የአንጎሉም ቀለበት የሚጠቅመው ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ከቀለበቱና ከታላላቆቹ ቅርንጫፎች በቀጥታ ተገንጥለው ወደ አንጎል ጥልቀት የሚገቡት ቀጫጭን ሥሮች እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የላቸውም። ከትልቅ መሥመር ላይ በቀጥታ እንደ ተቀጠለ ቀጭን ቧንቧ ሁሉ፣ የዋናው መሥመር ግፊት ብዙ ሳይቀንስ ይደርስባቸዋል። በደም ግፊት ምክንያት የሚፈነዱትና የሚዘጉትም በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው።

በቧንቧ ውስጥ ያለውን ፍሰት የምናሰላበት አንድ ሕግ በሁለት ሰዎች ስም እንደሚጠራ ታስታውሳላችሁ። አንደኛው ጀርመናዊው የውኃ መሐንዲስ ጎትሂልፍ ሃገን ሲሆን ሥራውን በ1839 አሳተመ። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፑዋዜይ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ወደዚሁ ውጤት የደረሰው የደምን አካሄድ ለማወቅ ባደረገው ምርምር ነው። ሕጉ እንደሚለው ፍሰት የሚወሰነው በቧንቧው ራዲየስ አራተኛ ኀይል ነው። ራዲየሱ በ10 ከመቶ ቢጠብ ፍሰቱ በ34 ከመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በግማሽ ቢጠብ የቀድሞው ፍሰት አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ይቀራል። የደም ሥር እንደ ብረት ቧንቧ ግትር አይደለም፤ ግድግዳው ጡንቻ ስላለው እየሰፋና እየጠበበ ፍሰቱን ያስተካክላል። ግድግዳው ሲደነድንና ውስጡ ሲጠብ ግን ይህ የማስተካከል ችሎታው ይደክማል።

ግፊቱንም በራሳችን መለኪያ እንመልከተው። 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚባለው ጤናማ ግፊት 1.6 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የውኃ ዐምድ ጋር እኩል ነው። 180 ሲደርስ 2.4 ሜትር ያልፋል። ለቧንቧ ሠራተኛ ይህ ግፊት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ በቀን 100,000 ጊዜ፣ በ40 ዓመት ደግሞ 1.5 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይመታል። ግድግዳውም ይህን ሁሉ ጊዜ እየተለጠጠና እየተመለሰ ይኖራል። በተደጋጋሚ ጭነት ብረት እንኳ እንደሚደክም እናውቃለን። በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት ግፊቱ በራዲየሱ ተባዝቶ ለውፍረቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ የአንድን ግድግዳ ዕድሜ ለማራዘም ሁለት መንገዶች አሉን፤ ወይ የተሠራበትን ነገር ማሻሻል፣ ወይ የሚሸከመውን ግፊት መቀነስ ነው። የኦሜጋ ቅባቶች ጉዳይ በመጀመሪያው መንገድ ላይ የሚገኝ ነው።

የኦሜጋ ቅባቶች ምንነት

የቅባት አሲድ ማለት የካርቦን አቶሞች የተያያዙበት ሰንሰለት ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ ድርብ ትስስር ከሌለ ሰንሰለቶቹ ቀጥ ብለው እንደ ተደረደረ አጠና ይጠጋጋሉ፤ ቅባቱም ይረጋል። ድርብ ትስስር ባለበት ቦታ ግን ሰንሰለቱ ስለሚጎብጥ መጠጋጋት አይችልም፤ ቅባቱም ፈሳሽ ይሆናል። ለምሳሌ በሞራ ውስጥ የሚገኘው ስቴሪክ አሲድ የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ በዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ስድስት ድርብ ትስስር ያለው ዲኤችኤ ግን ከዜሮ በታች በ44 ዲግሪም ገና መርጋቱ ነው። ከሰንሰለቱ ጫፍ ሲቆጠር የመጀመሪያው ድርብ ትስስር በሦስተኛው ካርቦን ላይ ከዋለ ኦሜጋ ሦስት፣ በስድስተኛው ላይ ከዋለ ኦሜጋ ስድስት ይባላል። የስሙ ምስጢር ይኸው ብቻ ነው።

ሰውነታችን እነዚህን ሁለት ወገኖች ከመነሻው መሥራት አይችልም። በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ በርና ባለቤቱ ሚልድሬድ በር በ1929 እንዳሳዩት፣ ከቅባት ፈጽሞ የጸዳ ምግብ የተሰጣቸው አይጦች ታመሙ። አንዳንድ ቅባት ከምግብ የግድ መገኘት ያለበት መሆኑ የታወቀው በዚያ ጊዜ ነው። ከኦሜጋ ሦስት ወገን በተልባ ውስጥ የሚገኘው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ይባላል። በቅባታም የባሕር ዓሣ ውስጥ ደግሞ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉት ረዣዥሞቹ ይገኛሉ። ሰውነት የተልባውን ወደ ረዣዥሞቹ መለወጥ ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ኢፒኤ የሚለወጠው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆን ወደ ዲኤችኤ የሚደርሰው ከዚያም ያነሰ ነው።

ዲኤችኤ በአንጎል ሕዋሳት ሽፋን ውስጥ በብዛት የሚገኝ ቅባት ነው። በ2014 የታተሙ ምርምሮችም አንድ አስደናቂ ነገር ገልጠዋል። በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ዲኤችኤን ከደም ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያሻግር አንድ ፕሮቲን ተገኘ፤ ያው ፕሮቲን በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ሳያፈስ እንዲጸና የሚያስፈልግ መሆኑም በእንስሳት ላይ ታየ። እንግዲህ ኦሜጋ ሦስት ለአንጎልና ለደም ሥሮቹ ያስፈልጋል መባሉ መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። አንድ ነገር ለግድግዳው ሥራ የሚያስፈልግ መሆኑና ያንኑ ነገር በእንክብል መጨመር ግድግዳውን ከመፈንዳትና ከመዘጋት የሚያድነው መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲሚንቶ ለኮንክሪት አስፈላጊ ቢሆንም ከልኩ በላይ መጨመር ሕንፃውን እንደማያጸናው ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም።

የፍተሻው ውጤት

የዓሣ ዘይት ዝና የተነሣው ከግሪንላንድ ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሃንስ ኦላፍ ባንግና ዮርን ዳይርበርግ የዓሣና የባሕር እንስሳት ቅባት በብዛት የሚመገቡ የግሪንላንድ ሰዎችን ደም መርምረው፣ በ1971 የደማቸው ቅባት ከዴንማርካውያን ያነሰ መሆኑን አሳተሙ። ይህ ዜና በዓለም ሁሉ ተሰማ። ብዙ ሳይነገር የቀረው ግን በ1980 የወጣው ጥናት ነው። በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ በኡፐርናቪክ አውራጃ በተያዘ የሕመም መዝገብ ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም ጥቂት ሆኖ ሲገኝ፣ ስትሮክ ግን ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ ተገኘ። የዓሣ ዘይት የደምን መርጋት በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሥሩ ሲዘጋ ይህ ሊጠቅም ይችላል፣ ሥሩ ሲፈነዳ ግን አይጠቅምም። በአፍሪካ አገሮች ደግሞ በመፈንዳት የሚመጣው ስትሮክ ድርሻ በምዕራባውያን ዘንድ ካለው ከፍ ያለ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በኋላ የተደረጉት ታላላቅ ፍተሻዎች ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን እንክብሉን፣ ለሌላው መድኃኒትነት የሌለውን አምሳያውን በመስጠት የተካሄዱ ናቸው። ቪታል የተባለው የአሜሪካ ፍተሻ 25,871 ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትሎ ውጤቱን በ2018 አወጣ። በቀን አንድ ግራም የዓሣ ዘይት እንክብል ስትሮክን አልቀነሰም። በዚያው ዓመት አሴንድ የተባለው የእንግሊዝ ፍተሻ 15,480 የስኳር ሕመምተኞችን ተከታትሎ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ።

ከዚህ የተለየ ውጤት ያሳየው በዚያው በ2018 የወጣው ሪዲውስ ኢት የተባለው ነው። በደማቸው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ቅባት የበዛባቸውና የልብ ሕመም ወይም ሥጋት ያለባቸው 8,179 ሰዎች ከፊሎቹ በቀን 4 ግራም የተጣራ ኢፒኤ ወሰዱ፤ ስትሮክም በ28 ከመቶ ቀነሰላቸው። ነገር ግን ለንጽጽር የተሰጠው የማዕድን ዘይት ራሱ ጉዳት ሳያደርስ አልቀረም የሚል ክርክር ተነሣ። በ2020 ስትሬንግዝ የተባለው ፍተሻ 13,078 ሰዎችን ይዞ፣ በቀን 4 ግራም የኢፒኤና የዲኤችኤ ቅልቅል ከበቆሎ ዘይት ጋር ሲያወዳድር ምንም ጥቅም አላገኘም። በሁለቱም ፍተሻዎች እንክብሉን በወሰዱት ላይ የልብ ምት መዛባት በዝቶ ታየ። ይህ መዛባት በልብ ውስጥ ደም እንዲረጋና ወደ አንጎል እንዲሄድ በማድረግ ራሱ የስትሮክ መንሥኤ የሚሆን ነው። ስለዚህ «ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ካልጠቀመም አይጎዳም» ብሎ ብዙ መጠን መውሰድ አይገባም። ሐኪም ለተለየ ምክንያት ያዘዘለት ሰው ግን ትእዛዙን ይከተል።

ዓሣውን ራሱን መብላትስ? እዚህ ላይ ውጤቱ መጠነኛ ቢሆንም የተሻለ ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ በ2012 የታተመ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ በሳምንት ከ2 እስከ 4 ጊዜ ዓሣ በሚበሉት ላይ የአንጎል የደም ሥር ሕመም በ6 ከመቶ፣ 5 ጊዜና ከዚያ በላይ በሚበሉት ላይ ደግሞ በ12 ከመቶ አንሶ ተገኝቷል። ያው ጽሑፍ በእንክብሉ ፍተሻዎች ግን ጥቅም አላገኘም። በ2008 የታተመ የአሜሪካ አረጋውያን ጥናትም፣ ያልተጠበሰ ዓሣ አዘውትረው በሚበሉት ሰዎች አንጎል ውስጥ ምልክት ሳያሳዩ የሚቀሩት ትናንሽ የደም መዘጋት ጉዳቶች አነስተኛ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በዘይት በተጠበሰ ዓሣ ግን ይህ አልታየም። እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚያሳዩት ዝምድናን ነው፤ ዓሣ አዘውትሮ የሚበላ ሰው በሌላም ነገር የተለየ ሊሆን ይችላልና።

ግፊትን የመቀነስ ውጤት

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ግፊቱን ወደ መቀነስ እንመለስ። በ32 አገሮች ወደ 27,000 የሚጠጉ ሰዎችን የመረመረው ኢንተርስትሮክ የተባለው ጥናት ውጤቱን በ2016 ሲያወጣ፣ ከስትሮክ ሥጋት ዘጠና ከመቶ ያህሉ ሊለወጡ ከሚችሉ 10 ነገሮች ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁ የደም ግፊት ሲሆን ብቻውን ግማሽ ያህሉን ይይዛል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥንቅር እንዳሳየው፣ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲቀንስ ስትሮክ በ27 ከመቶ ይቀንሳል። የዓሣ ዘይት በቀን ከ2 እስከ 3 ግራም ሲወሰድ የሚቀንሰው ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ነገሩ በስትሮክ ብቻ አያበቃም። በ2019 በወጣው የአሜሪካ ፍተሻ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ሰዎች ላይ መለስተኛ የማስታወስና የማሰብ ድክመት በ19 ከመቶ ቀነሰ። በቻይና በ326 የገጠር መንደሮች በ33,995 ሰዎች ላይ የተደረገው ፍተሻ ደግሞ ለእኛ የበለጠ ትምህርት አለው። ግፊቱን የሚለኩትና ርካሽ መድኃኒት እየሰጡ የሚከታተሉት ከፍተኛ ባለሙያዎች ሳይሆኑ የመንደር ሐኪሞች ነበሩ። በ2025 በታተመው ውጤት መሠረት በአራት ዓመት ውስጥ የመዘንጋት ሕመም በ15 ከመቶ ቀንሷል። እንግዲህ ውጤቱን ያመጣው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ አዘውትሮ መለካትና ሳያቋርጡ መከታተል ነው።

ከገበታችን ምን እንምረጥ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ምግብ አይጠቅምም ማለት አይደለም። በእኛ ገበታ ላይ ኦሜጋ ሦስት በብዛት ያለው ተልባ ነው፤ ከዘይቱ ግማሽ የሚያህለው ይኸው ነው። በካናዳ በእግራቸው የደም ሥር መጥበብ የታመሙ 110 ሰዎች በተሳተፉበት በ2013 የታተመ ፍተሻ፣ በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለስድስት ወር የበሉት ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው ካልበሉት በ10 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ የታየ ውጤት ስለሆነ መድኃኒትን የሚያስተው አይደለም። ተልባ ከቅባቱ ሌላ ብዙ አሰር ስላለው ጥቅሙ ከየትኛው እንደ መጣም መለየት ያስቸግራል። ነገር ግን በጾም ወራት በየቤቱ የሚጠጣውን ተልባ እንደ ተራ ነገር እንዳንንቀው ያሳስበናል። ዘሩ ሳይፈጭ ቢዋጥ አብዛኛው ሳይፈርስ ያልፋል። ተፈጭቶ ብዙ ቢቆይ ደግሞ ይበላሻል፤ የተልባ ዘይት ለቀለምና ለቫርኒሽ የሚመረጠው አየር ሲነካው ስለሚደርቅ መሆኑን እናውቃለንና፣ ያው ጠባይ በምግብነቱ ጉድለት ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት እየፈጩ መጠቀም ይበጃል።

ኑግና ሱፍ በብዛት ያላቸው ኦሜጋ ስድስት ነው። ኦሜጋ ስድስት ጎጂ ነው የሚል ወሬ ይሰማል፤ በ2019 ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 30 ጥናቶች ግን ከዚህ ወገን ዋነኛው ቅባት በደማቸው ውስጥ ከፍ ባለባቸው ሰዎች ላይ በመዘጋት የሚመጣው ስትሮክ አንሶ እንደሚገኝ አሳይተዋል። በአንጻሩ በአዲስ አበባ የማለዳ ብርድ በጀሪካን ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። ቤተ ሰብ የሚችል ከሆነ ከሚረጋው ይልቅ ፈሳሹን መምረጥ ይሻላል። የሐይቆቻችን ዓሣ፣ ለምሳሌ ቆሮሶ፣ ስቡ ጥቂት ቢሆንም ጥሩ ምግብ ነው፤ ሁልጊዜ በዘይት ከመጥበስ ይልቅ በወጥ ወይም በሾርባ ቢሠራ መልካም ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ሰርዲን በ100 ግራም ውስጥ አንድ ግራም ያህል ኢፒኤና ዲኤችኤ ስላለው እንክብሉን ይተካል፤ ጨው የበዛበት ከሆነ ግን ተጠንቅቆ መብላት ያስፈልጋል።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

ንግግሬን የማጠቃልለው በሦስት ሐሳቦች ነው። አንደኛ፣ የደም ግፊት ሳይሰማ የሚሠራ ጉዳት ስለሆነ፣ ማኅበራችን በጽሕፈት ቤቱና በእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ የግፊት መለኪያ እንዲያስቀምጥ፣ አባላት የሚመሯቸው የግንባታ ጣቢያዎችም ከመጀመሪያ ርዳታ ሣጥናቸው ጋር አንድ መለኪያ እንዲኖራቸው እጠይቃለሁ። ከሆስፒታል ርቆ ወራትን የሚቆይ መሐንዲስና የቀን ሠራተኛ ከሁሉ በላይ ይህ ያስፈልገዋል። ቁጥሩ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሐኪም መሄድ የግድ ነው።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት የታዘዘለት ባልደረባ ሕመም ስላልተሰማው ብቻ እንዳያቋርጥ እርስ በርሳችን እንጠያየቅ። የዓሣ ዘይት እየዋጡ የግፊትን መድኃኒት መተው፣ ቧንቧውን ቀለም እየቀቡ የተበላሸውን የግፊት መቀነሻ ቫልቭ እንደ መተው ያለ ነው። የሲጋራውን፣ የጨውንና ያለ እንቅስቃሴ ተቀምጦ የመዋሉንም ነገር በዚሁ መልክ እንመልከት።

ሦስተኛ፣ ምልክቶቹን ሁሉም ይወቅ። የአንድ ሰው ፊት በአንድ ወገን ድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ጸበልም ሆነ ዕረፍት ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ይሁን። የእያንዳንዱ ደቂቃ መዘግየት ከአንጎሉ የሚቆረጥ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በሥራችን የአንድን ቧንቧ ግፊት ሳንለካ መሥመሩ ደህና ነው ብለን አንፈርምም። ዛሬ በሻይ ዕረፍት ጊዜ በአዳራሹ መግቢያ ላይ ሁለት ነርሶች መለኪያቸውን ይዘው ይጠብቁናል። እያንዳንዳችሁ ቁጥራችሁን ሳታውቁ እንዳትወጡ በአክብሮት እለምናለሁ።